የተርቦ ማኒፎልድ በመቐለ፦ ለጋለ ብረት መንቀሳቀሻ መስጠት

(የመግቢያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

የዛሬው ትምህርታችን በተለይ ጋራዥ ለምትውሉ፣ በቶርኖና በብየዳ ለምትተዳደሩ፣ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አውቶ መካኒክ ለምትማሩ የተዘጋጀ ነው። ሹፌሮችም አብራችሁን ብትቆዩ ደስ ይለኛል፤ ነገሩ የሚጀምረው ከእናንተ ነውና።

ከአላማጣ ተነስቶ የግራካሕሱን ጠመዝማዛ ወደ ኮረም የሚወጣ የጫነ ሃርድቶፕ ላንድክሩዘርን ከኋላ የተከተለ ሰው የምለውን ያውቀዋል። አላማጣ ከባሕር ወለል በላይ 1500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮረም ደግሞ ወደ 2500 ትጠጋለች። በዚያች አጭር መንገድ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ይወጣል። ሹፌሩ ማርሽ ይቀንሳል፣ ነዳጅ ይረግጣል፤ ጥቁሩ ጭስ ይበዛል፤ ፍጥነቱ ግን ንቅንቅ አይልም። ብዙ ሰው "ፖምፓው ተበላሽቷል" ወይም "ኢንጀክተሩ ያንጠባጥባል" ብሎ ይደመድማል። አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ ያጠረው አየር ነው።

መቐለ ራሷ ከ2000 ሜትር በላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በባሕር ወለል ላይ የአየሩ ግፊት 1.01 ባር ሲሆን በመቐለ ከፍታ 0.78 ባር ገደማ ነው። አየሩ ስለሳሳ ሞተሩ በአንድ ስበት ወደ ሲሊንደር የሚያስገባው ኦክስጅን በአንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። ናፍጣው ግን በፖምፓው ተለክቶ የሚገባ ስለሆነ፣ ፖምፓው ከፍታን የሚያስተካክል መሣሪያ ካልተገጠመለት በስተቀር፣ አብሮ አይቀንስም። ኦክስጅን ያላገኘ ናፍጣ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፤ የጭሱም ሙቀት ይጨምራል። ጅቡቲ ወደብ ላይ 130 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ሞተር መቐለ ሲደርስ 105 ገደማ ይቀረዋል ማለት ነው።

መድኃኒቱ ከተገኘ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1905 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ሐሳብ ይኸው ነው፦ በከንቱ የሚወጣው ትኩስ ጭስ ተርባይን ያሽከርክር፤ ተርባይኑም በዚያው ዘንግ ጫፍ ላይ ያለውን ኮምፕረሰር እያዞረ አየር ወደ ሞተሩ ይግፋ። ከ13 ዓመት በኋላ፣ በ1918፣ ሳንፎርድ ሞስ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ ሊበርቲ የሚባለውን የአውሮፕላን ሞተር በመኪና ጭኖ ኮሎራዶ ውስጥ ፓይክስ ፒክ በተባለው፣ 4300 ሜትር በሚሆነው ተራራ ጫፍ ላይ አወጣው። ታች 350 ፈረስ ጉልበት ይሰጥ የነበረው ሞተር ተራራው ላይ ወደ 230 ወረደ። ተርቦው ሲገጠምለት 356 ሰጠ። ይህን ታሪክ የማነሣው የተርቦ የመጀመሪያ ታላቅ ፈተና የተራራ ፈተና እንደነበር እንድታውቁልኝ ነው። እኛ ጋ ተርቦ ሲባል ለብዙ ወጣት የሚመጣለት የውድድር መኪና ነው። ደጋ ላይ ለሚኖር ሰው ግን ተርቦ በመጀመሪያ ከፍታው የወሰደበትን የሚያስመልስበት መሣሪያ ነው።

ስሌቱን አብረን እንሥራው። መቐለ ላይ 0.78 ባር አለን፤ የባሕር ወለሉ 1.01 ነው። ልዩነቱ 0.23 ባር ነው። ተርቦው በጌጅ ላይ 0.23 ባር ብቻ ቢያሳይ ሞተሩ ከመተንፈስ አንጻር ወደብ ላይ እንዳለ ይቆጠራል። ፋብሪካው ያላሰበው ጫና አልመጣበትም ማለት ይቻላል። ይህች ቁጥር ከዚህ በኋላ ለምንለው ሁሉ መሠረት ናት።

አሁን አንድ ሞተር እንምረጥ። በሃርድቶፕና በፒክአፕ ላንድክሩዘር ላይ በብዛት የምናገኘውን 1ኤች-ዜድ እንውሰድ። 6 ሲሊንደር በአንድ ረድፍ፣ 4164 ሲሲ፣ ናፍጣ፣ ተርቦ የሌለው፣ ጽናቱ የተመሰከረለት ሞተር ነው። ቶዮታ በዚያው መጠን 1ኤችዲ-ቲ የሚባል ተርቦ ያለው ወንድም ሠርቶለታል። ሁለቱን ስናነጻጽር ትልቅ ትምህርት እናገኛለን፦ ተርቦ ያለው ሲሊንደር ውስጥ አየሩን የሚያምቀው 18.6 ለ 1 ሲሆን ተርቦ የሌለው ግን ከ22 ለ 1 በላይ ነው። ፋብሪካው ተርቦ ያለውን ሞተር ዕመቃውን ዝቅ አድርጎ ነው የሠራው። ስለዚህ እኛ ዕመቃው ከፍተኛ በሆነው ሞተር ላይ ተርቦ ስንጨምር ልከኛ መሆን አለብን። እኔ ከ0.5 ባር በላይ አልመክርም። ከዚያ በላይ የሄደ ሰው የጉልበቱን ዋጋ የሚከፍለው በተሰነጠቀ ቴስታታና በቀለጠ ፒስተን ነው።

ታዲያ ተርቦው ከየትም ይገኛል፤ ከሌላ ናፍጣ መኪና የወረደ ደህና ተርቦ በመለዋወጫ ገበያ ላይ አይጠፋም። የማይገኘው ተርቦውን ከዚህ ሞተር ጋር የሚያገናኘው ቁራጭ ነው። ከቴስታታው 6 ቀዳዳ የሚወጣውን ጭስ ሰብስቦ ወደ ተርባይኑ አፍ የሚያደርሰው ማኒፎልድ ነው። ከውጭ ይምጣ ከተባለ በውጭ ምንዛሪ ነው፤ መጥቶም ከመኪናው መሪ ዘንግ ወይም ከፍሬን ቱቦ ጋር ላይስማማ ይችላል። እዚሁ መሥራት ግን ይቻላል።

መቐለ ለብረት ሥራ እንግዳ አይደለችም። መስፍን ኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግ ከ1993 የፈረንጆች ዓመት ጀምሮ ተሳቢና የነዳጅ ቦቴ ሲሠራ፣ መኪናም ሲገጣጥም የኖረው በዚህች ከተማ ነው። በዚያ ብየዳ የተማረ ሰው ዛሬ በየሠፈሩ የራሱን ሥራ ከፍቶ ሊገኝ ይችላል። በመቐለ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም መካኒካል መሐንዲሶችን ያስተምራል። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 በቆየው ጦርነት ፋብሪካዎች ተጎዱ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ነዳጅና መለዋወጫ ጠፋ። በዚያ ጊዜ መኪና ማቆየት ማለት ያለውን ብረት ቆርጦና በይዶ መጠቀም ነበር። በ2016 ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስኗል። ይህ ሁሉ ሲደመር በእጃችን ያሉትን አሮጌ ሞተሮች በክብር የምንይዝበት፣ ጭሳቸውን የምንቀንስበት፣ አቅማቸውን የምንመልስበት ዕውቀት ከምንጊዜውም በላይ ያስፈልገናል።

እንግዲህ ወደ ሥራው።

ማኒፎልድ የሚነደፈው ከቱቦው አይደለም፤ ከተርቦው መቀመጫ ነው። ብዙ ጀማሪ ፍላንጅ ቆርጦ፣ ቱቦ ቀጥሎ፣ መጨረሻ ላይ ተርቦው የት እንደሚያርፍ ያያል። የተገላቢጦሽ ነው። በመጀመሪያ ተርቦው ራሱ በሽቦ ወይም በእንጨት ድጋፍ ሞተሩ አጠገብ ይንጠልጠልና ቦታው ይፈለግለት። ዘንጉ አግድም መሆን አለበት። ዘይት ከላይ በቀጭን ቱቦ ይገባል፤ ከታች ግን በራሱ ክብደት ብቻ ነው የሚወርደው። መመለሻው ቱቦ ሰፊ፣ ያለ እጥፋት ቁልቁል የሚሄድ፣ በካርተሩ ውስጥ ካለው ዘይት በላይ የሚገባ ካልሆነ ዘይቱ ተርቦው ውስጥ ይጠራቀማል፤ በማኅተሙ በኩል አምልጦም ሰማያዊ ጭስ ይሆናል። "ተርቦው ሞተ" ተብሎ ከሚጣለው ውስጥ ብዙው የታመመው በመመለሻ ቱቦው ነው። ቀጥሎ ኮፋኑ ይዘጋ እንደሆነ፣ የፍሬን ቱቦና የኤሌክትሪክ ገመድ ከሙቀቱ ምን ያህል እንደሚርቁ፣ ቁልፍ ገብቶ ዳዶውን መፍታት ይቻል እንደሆነ ይታያል። ዳዶ የማይፈታበት ማኒፎልድ ምንም ያህል ቢያምር የተበላሸ ሥራ ነው።

ቦታው ከታወቀ በኋላ የቱቦዎቹ አካሄድ ይታሰባል። ቀላሉ መንገድ አንድ ወፍራም ቱቦ በቴስታታው ርዝመት አጋድሞ ስድስቱንም ቀዳዳ ወደ እሱ ማስገባት ነው። ጠንካራ ነው፣ ቦታ አይፈጅም፣ ስፌቱም ጥቂት ነው። ጉድለቱ አንዱ ሲሊንደር የሚተነፍሰው ጭስ የጎረቤቱን መንገድ መዝጋቱ ነው። ጭስ እንደ ወንዝ ያለማቋረጥ አይፈስም፤ ቫልቩ በተከፈተ ቁጥር በምት በምት ይወጣል። የዚህ ሞተር የእሳት ቅደም ተከተል 1-4-2-6-3-5 ነው። ልብ ብላችሁ ስሙት፦ አንድ ከፊት፣ አራት ከኋላ፣ ሁለት ከፊት፣ ስድስት ከኋላ፣ ሦስት ከፊት፣ አምስት ከኋላ። የፊቶቹ ሦስትና የኋላዎቹ ሦስት ሲሊንደሮች ተራ በተራ ነው የሚተነፍሱት። ስለዚህ 1፣ 2ና 3 በአንድ ወገን፣ 4፣ 5ና 6 በሌላ ወገን ተሰብስበው እስከ ተርባይኑ አፍ ድረስ ሳይቀላቀሉ ቢሄዱ ምቶቹ አይጋጩም፤ ተርቦውም ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ላይ ሳለ ቶሎ ይነሣል። ዳገት ለሚወጣ የጫነ መኪና የሚያስፈልገውም ይህ ነው። ይህን ለመጠቀም አፉ ለሁለት የተከፈለ ተርቦ ቢገኝ ጥሩ ነው፤ ባይገኝም ሁለቱን ወገኖች እስከ መጨረሻው ለያይቶ አፉ ላይ ማገናኘት ይጠቅማል። ስድስቱን ቱቦ እኩል ርዝመት ለማድረግ እንደ እባብ ማጣመም ግን ለዚህ ሞተር አያስፈልግም። ለዓይን ቢያምርም ስፌቱን አብዝቶ የመሰንጠቂያ ቦታ ይጨምራል።

ስለ ቱቦው ምርጫ ረጋ ብዬ መናገር እፈልጋለሁ፤ የሰው ጤና አለበትና። ጭሱ ከባድ ጭነት ላይ ከ600 ዲግሪ ያልፋል። ለናፍጣ ሞተር ለእንፋሎትና ለቦይለር የሚሠራው ወፍራም ስፌት የለሽ ጥቁር ብረት ቱቦ በቂ ነው። ስኬጁል 40 የሚባለው ባለ ኢንች ተኩል ቱቦ የውጭ ስፋቱ 48.3 ሚሊሜትር፣ የግድግዳው ውፍረት 3.7 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን የውስጡ ስፋት ወደ 41 ይሆናል። ባለ ኢንች ከሩቡ የውስጡ ስፋት 35 ነው። የትኛው እንደሚስማማ የቴስታታውን ቀዳዳ በካሊፐር ለክቶ መወሰን ነው፤ የቱቦው ውስጥ ከቀዳዳው በጥቂቱ ይስፋ እንጂ አይጥበብ። መታጠፊያዎቹ እንደዚያው ወፍራም የሆኑ፣ ለብየዳ የተዘጋጁ ክርኖች ቢሆኑ ይመረጣል።

በየሱቁ በቀላሉ የሚገኘው ግን የውሃው ጋልቫናይዝድ ቱቦ ነው። እባካችሁ እሱን ለዚህ ሥራ አትንኩት። ሽፋኑ ዚንክ ነው። ዚንክ በ420 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ከ900 ጥቂት አልፎ ይተናል፤ የብየዳ ቅስት ደግሞ ከዚያ እጅግ የበለጠ ይሞቃል። ነጩን ጭስ የተነፈሰ በያጅ ከሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል፣ አጥንቱን ይቆረጥመዋል። ብዙዎቻችን ወተት ከጠጣን ይለቀናል ብለን እናምናለን። ወተት ሆድ ነው የሚገባው፤ ጭሱ የገባው ሳንባ ውስጥ ነው። ከላይ ያለውን ዚንክ በግራይንደር ብታነሡትም የቱቦው ውስጥ እንዳለ ይቀራል። ስቴንለስ የምትበይዱም ብትሆኑ ከጭሱ ራቁ፤ በውስጡ ያለው የክሮሚየም ጭስ ካንሰር የሚያመጣ ነው። በር ክፈቱ፣ ማራገቢያ አድርጉ፣ ለብረት ጭስ የተሠራ ጭንብል ልበሱ።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮች፣ አሁን የሥራው ልብ ወደሆነው ክፍል ደርሰናል። በእጅ የተሠራ ማኒፎልድ ለምን ይሰነጠቃል? ብዙ ሰው ግፊቱ በዝቶበት ይመስለዋል። ግፊቱ ግን ያን ያህል አይደለም፤ ውፍረቱ 3.7 ሚሊሜትር የሆነ ቱቦ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይችላል። የሚሰነጥቀው ብረቱ ሲግል ለመርዘም ፈልጎ መንገድ ሲያጣ ነው።

በቁጥር እንየው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሲሊንደር 60 ሳንቲሜትር የሚሆን ማኒፎልድ ይኑረን። ሙቀቱ በ600 ዲግሪ ሲጨምር ጥቁሩ ብረት ወደ 4 ሚሊሜትር ተኩል ይረዝማል። ስቴንለስ ስቲል ቢሆን ከ6 ሚሊሜትር ያልፋል። ቴስታታው ግን ውሃ የሚዞርበት ስለሆነ አንድ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። አንደኛው 4 ሚሊሜትር ካልሄድኩ ይላል፣ ሌላው በስታድ ጠፍንጎ ይይዘዋል። ሲግል ይጨመቃል፣ ሲቀዘቅዝ ይሳባል። ይህ ሞተሩ በተነሣና በጠፋ ቁጥር ይደጋገማል። በመጨረሻ በጣም ደካማ በሆነው ቦታ፣ ማለትም በስፌቱ ጥግ ላይ፣ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ይጀምራል። በያጁ ይጠራል፣ ደርቦ ይበይድበታል፣ በወሩ ከዚያው ጎን ይሰነጠቃል። መፍትሔው ብየዳ መደራረብ አይደለም። ብረቱ እንዲንቀሳቀስ መፍቀድ ነው።

ስቴንለስ ሁሉ ጊዜ የተሻለ ነው የሚባለው እምነት የሚስተካከለውም እዚህ ላይ ነው። ስቴንለስ በሙቀት አይላጥም፣ አይዝግም፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ከጥቁሩ ብረት በአንድ ሦስተኛ ያህል የበለጠ ይረዝማል። 304 የሚባለው ተራው ዓይነት ደግሞ በዚህ ሙቀት ውስጥ ብዙ ሲቆይ በስፌቱ ዳር ያለው ክሮሚየም ከካርቦን ጋር እየተያያዘ ዝገት የመከላከል ኃይሉ ይዳከማል። ለዚህ ተብሎ ቲታኒየም የተጨመረበት 321 አለ፤ ካገኛችሁት መልካም። ካላገኛችሁ ለናፍጣ ሞተር ወፍራም ጥቁር ቱቦ በጥሩ አሠራር ከቀጭን 304 የተሻለ ዕድሜ እንደሚኖረው አምናለሁ።

ለእንቅስቃሴ ቦታ የሚሰጠው በሦስት ዘዴ ነው። አንደኛው የስታድ ቀዳዳዎቹ ናቸው። ስታዱ 10 ሚሊሜትር ከሆነ መሐል ያሉት ቀዳዳዎች 10 ተኩል ይሁኑና ማኒፎልዱን ይያዙ፤ ወደ ዳር በሄድን ቁጥር እየሰፉ ጫፍ ላይ ያሉት 14 ይድረሱ፣ ወይም ወደ ጎን ሞላላ ይደረጉ። ወፍራም ሮንዴላ ይገባባቸዋል። ብረቱ ከመሐል ተነስቶ ወደ ሁለቱም ዳር በእኩል ይንሸራተታል። ሁለተኛው ፍላንጁን በቀዳዳዎቹ መካከል መሰንጠቅ ነው፦ እያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ደሴት ይኖረዋል፤ የሚያያይዛቸው ቱቦው ብቻ ይሆናል። ሦስተኛው በረጅም ማኒፎልድ ላይ የፊቱንና የኋላውን ወገን አንዱ ሌላው ውስጥ በሚንሸራተት መጋጠሚያ ማገናኘት ነው። ይህ የቶርኖ ሥራ ይጠይቃል፤ ልኩ ከሰፋ ጭስ ያፈስሳል፣ ከጠበበ ይቆለፋል። ለጀማሪ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይበቃሉ።

አሠራሩን በቅደም ተከተል ላስረዳ። ፍላንጁ 12 ሚሊሜትር ውፍረት ካለው ላሜራ ይቆረጣል። ለምልክቱ አዲስ ጋስኬት ጥሩ ነው፤ ሆኖም የጋስኬቱ ፊትና ጀርባ እንዳይገለበጥ የፊቱን ጫፍ በቀለም ምልክት አድርጉበት። ተገልብጦ የተቆረጠ ፍላንጅ ማባከን ነው። ቱቦዎቹን ከመቁረጣችሁ በፊት ርካሽ በሆነ የፒቪሲ ቱቦ ሞዴሉን ሥሩ፤ ሲስማማ ብረቱን በዚያ ልክ ቁረጡ። የሚጋጠሙት ጫፎች በግራይንደርና በሞረድ ተስተካክለው ፊት ለፊት ሲገናኙ ብርሃን እንዳያሳልፉ ሆነው ከተዘጋጁ በኋላ ጠርዛቸው ለብየዳው ሥር መግቢያ እንዲሆን በሰያፍ ይሞረዳል። ቅባትና ዝገት ሙልጭ ብሎ ይጽዳ።

ብየዳው ከመጀመሩ በፊት ግን ሥራውን አስሮ የሚይዝ ጂግ ያስፈልጋል። ፍላንጁ ብቻውን በጠረጴዛ ላይ ቢበየድ እንደ ቀስት ይጎብጣል። የተጣለ አሮጌ ቴስታታ ካላችሁ ከሱ የተሻለ ጂግ የለም፤ ካልሆነ ቢያንስ 25 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ ላይ የስታዶቹን ቦታ ሰርስራችሁ ፍላንጁን በሁሉም ቡሎን እሰሩት። የተርቦውም ፍላንጅ በመኪናው ላይ በለካችሁት ቦታና አቅጣጫ በጂጉ ላይ ይታሰር። ሁሉም በነጥብ በነጥብ ከተያያዘ በኋላ አውጥታችሁ መኪናው ላይ አንዴ ግጠሙት። በነጥብ የተያዘን ማረም የደቂቃ ሥራ ነው፤ ሙሉ የተበየደውን ማረም ግን እንደገና መጀመር ነው።

ብየዳው በአርጎን ቢሆን እመርጣለሁ። ምክንያቱ ውበት አይደለም። በተራው ኤሌክትሮድ ስንበይድ የብየዳው ቅርፊት ወደ ቱቦው ውስጥ ይገባል፤ ጥግ ላይ ያለውን ደግሞ እጅ አይደርስበትም። ሞተሩ ሲሞቅ ያ ቅርፊት ይላቀቅና በደቂቃ ከመቶ ሺህ ዙር በላይ የሚሽከረከረውን የተርባይን ቅጠል ይመታል። አንዲት የስንዴ ቅንጣት የምታህል ቅርፊት ተርቦ ትጨርሳለች። ስለዚህ ሌላው ቢቀር የመጀመሪያው ሥር ስፌት በአርጎን ይሁን፤ ከላይ በደረቅ 7018 ኤሌክትሮድ መሙላት ይቻላል። ስቴንለስ ከሆነ ቱቦው ሁለቱም ጫፎቹ ተደፍነው በውስጡም አርጎን ይለቀቅበት፤ አለዚያ የስፌቱ ጀርባ ተቃጥሎ እንደ ስኳር ይፈረፈራል። ስቴንለስን ከጥቁር ብረት ጋር የምታገናኙ ከሆነ የመበየጃው ዘንግ 309ኤል የሚባለው ነው። አንድ ቦታ ላይ ሳትቆዩ ከአንዱ ሲሊንደር ወደ ራቀው እየዘለላችሁ በይዱ። ሲያልቅ እንደታሰረ በራሱ ጊዜ ይቀዝቅዝ፤ ውሃ አይንካው።

ከጂጉ ሲፈታ ጥቂት መጉበጡ አይቀርም። ፍሬዛ ያለበት የቶርኖ ቤት ወስዳችሁ ፊቱን አስላጩት። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ አስቀምጣችሁ በሥሩ የ0.1 ሚሊሜትር ፊለር ጌጅ የማይገባ መሆኑን አረጋግጡ። በቀዳዳዎቹ መካከል ያለው ስንጥቅ የሚቆረጠው ከዚህ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ቢቆረጥ ደሴቶቹ እያንዳንዳቸው ወደየራሳቸው ይጠማዘዙ ነበር። የውስጡን ስፌት በምትችሉት ሁሉ አጽዱ፤ በመዶሻ እያንኳኳችሁ በአየር ንፉት።

ተርቦው ራሱ ብዙ ኪሎ የሚመዝን ብረት ነው። በኮረኮንች ላይ በእያንዳንዱ ዝላይ ማኒፎልዱን ወደ ታች ይጎትታል፤ የጋለ ብረት ደግሞ ጥንካሬው ይቀንሳል። ስለዚህ ከሞተሩ ብሎክ ተነስቶ ተርቦውን ከሥር የሚደግፍ ክንድ ሥሩለት። ክንዱ ክብደት ይሸከም እንጂ መርዘሙን አይከልክል፤ አንደኛው ጫፉ ሞላላ ቀዳዳ ይኑረው። ከተርቦው ወደ ማርሚታው በሚሄደው ቱቦ ላይም የሚተጣጠፍ መጋጠሚያ ይግባ፤ ሞተሩ ይወዛወዛል፣ ማርሚታው ግን ከቻንሲው ጋር ታስሯል።

ማኒፎልዱ ላይ፣ ከተርባይኑ በፊት፣ የሙቀት መለኪያ የሚገባበት ትንሽ ቀዳዳ ከመገጠሙ በፊት ይዘጋጅ። ይህ መለኪያ ለሹፌሩ ከፍጥነት ጌጁ ባልተናነሰ ያስፈልገዋል። ረጅም ዳገት ላይ 650 ዲግሪ ካለፈ እግሩን ያነሣል። ፖምፓው መጀመሪያ አይነካ፤ ናፍጣ ሳይጨመር ተርቦው ብቻ ሲገባ ጥቁሩ ጭስ ሲቀንስ፣ ሙቀቱም ሲወርድ ታያላችሁ፤ ያጣውን አየር አግኝቷልና።

አንድ ነገር ለመቐለ ሰው በተለይ ልንገር። ተርቦውን የሚቆጣጠረው ዌስትጌት የሚለካው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ነው። መቐለ ላይ 0.5 ብላችሁ ካስተካከላችሁት ሞተሩ ውስጥ የሚገባው አየር ጠቅላላ ግፊት 1.28 ባር ነው። ያው መኪና ቱሪስት ጭኖ በአጉላዕና በበርሃለ አድርጎ ከባሕር ወለል 120 ሜትር ገደማ ዝቅ ወዳለው ዳሎል ቢወርድ፣ ጌጁ አሁንም 0.5 ያሳያል፤ ጠቅላላው ግን ከ1.5 ባር አልፏል። በዚያ ላይ የበረሃው ሙቀት አለ። ጌጁ ስላልተለወጠ ሹፌሩ ምንም የተለወጠ አይመስለውም። ወደ አፋር ቆላ የሚመላለስ መኪና መቐለ ላይ 0.3 ባር ላይ ቢወሰን ይበቃዋል፤ ለደጋው ከበቂ በላይ ነው፣ ለቆላውም አያስፈራም። በተቃራኒው ወደ አምባላጌ ከፍታ ሲወጣ ያንኑ 0.3 ለማሳየት ተርቦው ከመቐለው ይልቅ በፍጥነት መሽከርከር ይኖርበታል። ጌጁን በግድ ከፍ አድርጎ ለመያዝ መሞከር ተርቦውን ከልኩ በላይ ማሽከርከር ነው።

ሞተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመነሣቱ በፊት ነዳጁ ተቋርጦ በሞተሪኖ ይዞር፤ ዘይቱ ተርቦው ጋ መድረሱን ከመመለሻው ቱቦ እዩ። ከዚያ አስነሥታችሁ ያለ ጭነት እንዲሞቅ ተዉት፣ አጥፉት፣ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ፤ ዳዶዎቹን ከመሐል ወደ ዳር እየሄዳችሁ እንደገና አጥብቁ። ጥቂት መቶ ኪሎሜትር ከተነዳ በኋላም እንዲሁ። በዚያው ጊዜ በባትሪ መብራት የፍላንጁን ዙሪያና የየስፌቱን ጥግ ተመልከቱ። ጥቁር የጥላሸት መስመር ካያችሁ ጭስ የሚያፈስሰው እዚያ ነው። መስመሩ ጋስኬቱ ዳር ከሆነ ፊቱ አልተላጨም ወይም ዳዶው ላልቷል። ስፌቱ ላይ ከሆነ ግን ከመበየዳችሁ በፊት የጫፎቹን ቀዳዳ ፈትሹ፤ ስታዱ የቀዳዳውን ግድግዳ ነክቶ ከቆመ ቀዳዳውን አስፉት፣ ከዚያ ስንጥቁን እስከ ሥሩ ሞርዳችሁ በይዱት።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)